ሳይለኩ መፍረድ

ሰው መኪናው ሲበላሽበት ከመጠገኛው ብልሃት አስቀድሞ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። በመጀመሪያ ናፍታውን ይከሳል፤ ቀጥሎ ከዚያ በፊት እጁን ያሳረፈበትን መካኒክ ይወቅሳል፤ እነዚህ ያልበቁት እንደ ሆነ ደግሞ ሞተሩን ራሱን «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበታል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የመጋቢትንና የሚያዝያን ወራት በአንዲት አሮጌ መኪና ላይ ይህን የመሰለ ፍርድ ስንፈርድ ሰንብተን፣ በመጨረሻ ጥፋቱ ወደ ራሳችን ስለ ተመለሰ ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን ለአንባቢዎች ለማቅረብ ወደናል። አሮጌ የናፍታ መኪና ያለው ሰው ከዚህ የሚጠቅመውን ያገኝ ይሆናል፤ መኪና የሌለውም ቢሆን በአንድ ነገር ላይ ሳይፈርድ የሚውልበት ቀን የለምና ጨርሶ ባዶ እጁን አይመለስም ብለን እናምናለን።

መኪናይቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የተሠራች፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ የናፍታ መርቼዲስ 240 ዲ ናት። ጉልበቷ 72 ፈረስ ብቻ ስለ ሆነ ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ የሚከተል ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ረጅም ዕድሜ ያገኘችውም ምናልባት ከዚሁ ካለመቸኮሏ የተነሣ ይሆናል። የገዟት አባታችን ናቸው። አባታችን በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለ ነበሩ የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን መናገር ይችላሉ። ሌላ ሰው ሲነዳቸው እንኳ ጆሯቸው ከሞተሩ ስለማይለይ በመኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም። ዓይናቸው ሲደክም መኪናይቱን ለእኛ አስረከቡን፤ በምትኩም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ ይኸውም በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ዕለት፣ ደብረ ሊባኖስ እንድናደርሳቸው ነው።

በዚያ ዓመት ግን መጋቢት ሲገባ መኪናይቱ ታመመች። ጧት ስትነሣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ በቆመችበት እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ስትጀምር ደግሞ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ እየተነሣ፣ ከውስጧም መዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ጭሱ በመስኮት ገብቶ አባታችንን አፈናቸው። አስም ስላለባቸው ቤት እስክንደርስ ድረስ ሲያስሉ ቆዩ። ከመኪና ሲወርዱም «ልጄ፣ አንዱ ሲሊንደር ዝም ብሏል፤ አይናገርም። ዘንድሮስ ደብረ ሊባኖሱ ይቅርብኝ፤ የእርሷም የእኔም ሳንባ አልቋል» ብለው ሣቁ። እኛ ግን ለመሣቅ አልቻልንም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 እ.ኤ.አ. ማረጋገጡን ቀደም ብለን አንብበን ነበር፤ ይሁን እንጂ ያነበቡት ነገር በገዛ አባት ደረት ውስጥ ሲያፍን መስማት ሌላ ነው።

በማግሥቱ መኪናይቱን ይዘን አንድ ጋራዥ ሄድን። የጋራዡ ሠራተኛ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ጥቂት አዳምጦ፣ «ፓምፑ ሞቷል፤ በሌላ መለወጥ አለበት» አለን። የነገረን ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዛችን የሚበልጥ ነበር። ፓምፑ መሞቱን በምን እንዳወቀ አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረንም። ወደ ቢሮ ስንመለስ አንድ የሥራ ባልደረባችን «ምንም ፓምፕ አያስፈልግህ፤ ኖዝሎቹን ለውጥ» ብሎ መከረን። የባልደረባችን ምክር ርካሽ ስለ ነበረ እውነት መሰለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ስለዚህ ነው፤ የምንሰማው እውነቱን ሳይሆን ኪሳችን የሚወደውን ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የኖዝልን ሥራ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በናፍታ ሞተር ውስጥ ናፍታውን የሚያቀጣጥል የእሳት ብልጭታ የለም። ፒስቶኑ አየሩን ብቻ ይጨምቀዋል፤ በዚህች መኪና ሞተር ውስጥ አየሩ ወደ ሃያ አንድ እጅ ገደማ ስለሚጨመቅ እጅግ ይግላል። በዚያ ቅጽበት ናፍታ እንደ ጉም ተበትኖ ቢገባበት በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ጉም የሚያደርገውም ኖዝሉ ነው። በኖዝሉ ጫፍ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች፤ ከበላይዋ ሞላ ተጭኗት ቀዳዳውን ዘግታ ትቀመጣለች። ከፓምፑ የመጣው ናፍታ ግፊቱ ሞላውን ሲያሸንፈው መርፌዋ ትነሣለች፤ ናፍታው ይረጫል፤ ግፊቱ ሲወርድ ተመልሳ ትዘጋለች። የእኛይቱን በመሰለ ሞተር ላይ አዲስ ኖዝል ሊከፈት የሚገባው ከ115 እስከ 125 ባር ባለው ግፊት ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ወይም ከዚያ በጥቂት በሚበልጥ ግፊት መሆኑን ያሰበ ሰው የዚህን ኃይል ሊገምተው ይችላል።

ይህን ሞተር ያፈለቀው ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ዲዝል በ1858 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ሞተሩን በአውግስቡርግ ከተማ በ1897 እ.ኤ.አ. አስመሰከረ። የመጀመሪያዎቹ የናፍታ ሞተሮች ግን ናፍታውን የሚነፉት በታመቀ አየር ኃይል ስለ ነበረ፣ አየሩን የሚያምቀው መሣሪያ ከባድ ሆኖ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለአውቶሞቢል የሚመቹ አልነበሩም። የሮበርት ቦሽ ድርጅት በ1927 እ.ኤ.አ. የናፍታ ፓምፕ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. መርቼዲስ 260 ዲ የተባለችው የናፍታ አውቶሞቢል ለገበያ ቀረበች። እንግዲህ የናፍታ ሞተር ከፋብሪካ ወጥቶ በየቤታችን ደጃፍ ሊቆም የቻለው ናፍታን በትክክል ለክቶ፣ በትክክለኛው ቅጽበት መርጨት ከተቻለ ወዲህ ነው። የሞተሩ ታሪክ ራሱ የመለካት ታሪክ መሆኑን በዚያን ጊዜ አላስተዋልንም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመርካቶ አራት አዳዲስ የኖዝል ጫፎች ገዝተን ሥራውን በገዛ እጃችን ጀመርን። በመጀመሪያ የአባታችንን ቃል ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነሥተን የየኖዝሉን የናፍታ ቱቦ ዳዶ በየተራ በጥቂቱ አላላን። ዳዶው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ግን ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ባላላን ጊዜ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሦስተኛውን ስናላላ ግን ምንም አልተሰማውም። ዝም ያለው እርሱ ነበር። አባታችን ሞተሩን ሳይነኩ በጆሯቸው ያወቁትን እኛ ግማሽ ሰዓት ፈጅተን አገኘነው።

ቀጥለን ቱቦዎቹን ፈታን፤ በ27 ቁጥር ቡሶላም ኖዝሎቹን አንድ በአንድ አወጣን። አሮጌዎቹን ጫፎች አንሥተን በአዲሶቹ ተካን። የቀድሞዎቹን ሞላዎች እንዳሉ መለስን። ኖዝሉ ከሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን የሙቀት መከላከያ ሮንዴላዎችም «ገና ናቸው» ብለን እንዳሉ ተውናቸው። አዲስ ሮንዴላ ለመግዛት እንደ ገና መርካቶ መውረድ ነበረብን፤ ቀኑም መሽቶ ነበር። ናፍታው በእጅ ፓምፕ ተስቦ አየሩ ከቱቦዎቹ እንደ ወጣ ሞተሩን አስነሣን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ሁሉ፣ መኪናይቱ ከቀድሞው ብሳ ተገኘች። መዶሻው ከአንድ ወደ ሁለት ጨመረ፤ ጭሱም የጎረቤትን ልብስ ከገመድ አስወረደ።

በዚያች ሌሊት የጫፎቹን ሻጭ «የውሸት ዕቃ ሸጠብን» ብለን ኰነንነው፤ የባልደረባችንንም ምክር ረገምን፤ በመጨረሻም «ለካ ፓምፑ ነው» ወደሚለው ፍርድ ተመለስን። ግንቦት 12 ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባታችን ስለ ጉዞው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ለዚያ ቀን የሚለብሱት ነጭ ጋቢ ታጥቦ በወንበር ላይ ተጣጥፎ መቀመጡን አየን።

ፓምፑን ለማስለወጥ ገንዘብ ከመበደራችን በፊት ግን አራቱን ኖዝሎች ፈትተን በጋዜጣ ጠቅልለን ወደ አንድ ኖዝል ቤት ይዘናቸው ሄድን። ባለቤቱ ፀጉራቸው የነጣ አዛውንት ናቸው። ታሪካችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«ልጄ፣ ለክተኸዋል ወይ?»

«አዲስ ናቸው እኮ፣ ጋሼ» አልን።

«አዲስ መሆናቸውን አልጠየቅሁህም» አሉና አንደኛውን ኖዝል ከመፈተሻው ላይ አሠሩት። መፈተሻው በእጅ የሚረገጥ ዘንግና የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው። ዘንጉን ቀስ ብለው ሲጫኑት የሰዓቱ መርፌ ከፍ እያለ ሄዶ በአንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ኖዝሉ ጮኸና ናፍታውን ረጨ። እኛም የሚረጨውን ጉም በቅርብ ለማየት ጣታችንን ወደ ጫፉ ሰደድን። አዛውንቱ እጃችንን በኃይል መትተው መለሱት። «ይህ ጉም ቆዳ ይበሳል!» አሉ ተቆጥተው። «ሲገባ እንደ መርፌ ጠባሳ ነው፤ አያምህም። ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋህን ያበላሸዋል፤ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ያልደረሰ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።» ይህን ምክር በዚህ ሥራ ላይ እጁን የሚያስገባ ሰው ሁሉ እንዲይዘው አደራ እንላለን።

አራቱም ተለኩ። አንደኛው በ112፣ ሁለተኛው በ108፣ ሦስተኛው በ94፣ አራተኛው በ128 ባር ተከፈቱ። ቁጥሮቹን በእርሳስ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጽፈን ብንመለከታቸው አራት ሠራተኞች በአንድ ሥራ ላይ ተሰልፈው እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት የሚገባና የሚወጣ መሰለን። አዛውንቱም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ሞላው ሲደክም ኖዝሉ ዝቅ ባለ ግፊት ይከፈታል፤ ዝቅ ባለ ግፊት የተከፈተ ኖዝልም ናፍታውን ከጊዜው ቀድሞ፣ በጉም ፈንታ በጠብታ ያስገባዋል፤ መዶሻውም ጭሱም ከዚያ ይመጣል። እኛ አዲስ ጫፍ ስናስገባ ሞላዎቹ አሮጌዎቹ ነበሩ፤ ጫፉ አዲስ ይሁን እንጂ ግፊቱን የሚወስነው ሞላው ነው። አራተኛው ደግሞ ግፊቱ ከልኩ ከማለፉም ሌላ፣ መክፈቻው ሊደርስ 20 ባር ሲቀረው ተይዞ ቢቆይ ከጫፉ ጠብታ ያንጠባጥብ ነበር። ሲፈታ ከመርፌዋ መቀመጫ ላይ ቅንጣት ቆሻሻ ተገኘ። ያንን ቅንጣት ያስገባነው እኛ ነን፤ ኖዝሎቹን የገጠምናቸው በግቢያችን አቧራ ውስጥ፣ በአሮጌ ጨርቅ ላይ አድርገን ነበርና።

መርፌዋና ቤቷ በአንድነት የተሞረዱ መንትዮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር ሺኛ ጥቂት እጅ ብቻ ስለ ሆነ የአንዱን መርፌ ለሌላው ቤት ማዋስ አይቻልም። አዛውንቱ እያንዳንዷን በንጹሕ ናፍታ አጥበው፣ ከቤቷ በከፊል ስበው ሲለቋት በገዛ ክብደቷ ቀስ ብላ ስትወርድ አሳዩን። ከዚያ በኋላ መካኒኮች ሺም የሚሉትን ስስ የብረት ቀለበት ከሞላው ራስ ላይ እየለዋወጡ ግፊቱን ያስተካክሉ ጀመር። የ0.05 ሚሊሜትር ውፍረት ሲጨመር ግፊቱ በ3 ባር ገደማ ከፍ ይላል። ለሦስተኛው ወደ 0.45 ሚሊሜትር ያህል ጨመሩለት፤ ከአራተኛው 0.15 ያህል ቀነሱበት። ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ አራቱም ከ119 እስከ 121 ባር ባለው ውስጥ ገቡ፤ ድምፃቸውም አንድ ሆነ።

«ሮንዴላዎቹስ?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። «ይህች ሮንዴላ አንድ ጊዜ ከታሸች ሁለተኛ አትታሽም» አሉና አራት አዳዲስ ሰጡን። ቤት ተመልሰን የቀድሞዎቹን ከጉድጓዱ ባወጣናቸው ጊዜ የሦስተኛው ሮንዴላ አንዱ ጎን በጥቀርሻ ተበልቶ አገኘነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ በዚያ በኩል እያመለጠ ኖዝሉን ያግለው ኖሯል። በዚህ ጊዜ ጉድጓዶቹን ጠርገን፣ ሮንዴላዎቹን በትክክለኛው ገጻቸው አስቀምጠን፣ ኖዝሎቹን ከባልደረባ በተዋስነው የማጥበቂያ መለኪያ ከ70 እስከ 80 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል አጠበቅናቸው። ትርፉ ናፍታ የሚመለስባቸውንም ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ለወጥናቸው። በማግሥቱ አዛውንቱ ራሳቸው መጥተው የፓምፑን ጊዜ በጠብታ ዘዴ ፈተሹ፤ ፒስቶኑ ከላይ ሊደርስ 24 ዲግሪ ሲቀረው፣ በተገቢው ቦታ ላይ ተገኘ። ሞቷል የተባለው ፓምፕ ደኅና ነበር። አንድ ጊዜ በሌላ ሰው፣ አንድ ጊዜም በእኛ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ሁለቱንም ጊዜ የተፈረደበት ሳይለካ ነው።

እንዲህም ሆኖ ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዳገት ላይ ጥቂት ይታያል። ይህንም ጠየቅናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ አየር የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ እዚህ የሚያገኘው አየር አነስተኛ ስለ ሆነ ነጂው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ሲረግጠው ናፍታው ከአየሩ ይበልጣል። «ይህን ኖዝል አያድነውም፤ እግርህ ያድነዋል። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስ፣ እግርህንም አሳርፍ» አሉን። የማይጠገነውን እጠግናለሁ ብለው ገንዘብ አለመጠየቃቸውን እንደ ትልቅ ትምህርት ቆጥረነዋል።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነንና ይህ ነገር ወደ ሥራችን መለሰን። አንድ ፋይል ሲዘገይ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ልማዳችን ነው። ፋይሉ በየጠረጴዛው ስንት ቀን እንደ ቆየ ግን ቀን ቆጥረን አናውቅም። ብንቆጥር ኖሮ ምናልባት ከሁሉ የዘገየው በገዛ መሳቢያችን ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሚያዳምጥ ጆሮ ደግሞ አይናቅም፤ የአባታችን ጆሮ ዝም ያለውን ሲሊንደር ያለ መሣሪያ አውቆታል። ነገር ግን ጆሮ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ አባታችንም ቢሆኑ አንዱ ዝም ማለቱን ተናገሩ እንጂ ጥፋቱን በማንም ላይ አላሳረፉም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የቀሩት አሮጌዎች ግን ገና ብዙ ዘመን በመካከላችን ይሄዳሉ፤ ጭሳቸውንም የሚስበው ከኋላ የሚሄደው እግረኛና የትምህርት ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ አራት ኖዝል ማስለካት የባለ መኪናው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ግንቦት 12 ቀን ገና ሳይነጋ አባታችን ነጩን ጋቢያቸውን ለብሰው ከመኪናው አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ወዲያው አልገቡም፤ እጃቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም «አራቱም ይናገራሉ» ብለው ገቡ። የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ እግራችንን አሳርፈን ወጣን። ከላይ ደርሰን የሱሉልታ ሜዳ ከፊታችን ሲዘረጋ ምን ይሉ ይሆን ብለን ጠበቅን፤ ምንም አላሉም። ከጫንጮ አልፈን ሌላ ጉድለት ሰምተው ይሆን ብለን ፈርተን ዘወር ብንል፣ ራሳቸው ከመስኮቱ ተደግፎ፣ አፋቸው በጥቂቱ ተከፍቶ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እስከ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ድረስ አልቀሰቀስናቸውም።